ባለ ፋኖሱ በአንድ ዓይን

ስልኩ የደወለው እሑድ ዕለት፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ገና ሳላጥፍ ነው። ድሬዳዋ ላይ ያ ሰዓት ሙቀቱ መበርታት የሚጀምርበት ስለሆነ መስኮቱን ልዘጋ እጄን ዘርግቼ ነበር። የደወለችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከደባርቅ። ሌላ ጊዜ ስትደውል ጤናዬን፣ የልጆቼን ትምህርት፣ የሰፈሬን ቤተ ክርስቲያን ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይ አትገባም። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን ሁሉ ዘለለችና፣ «በቅሎ ነጂው ተመልሷል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሥዕሉም ወጥቷል» አለች።

የቀረውን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ከደባርቅ ወጥቶ ብዙ ዓመት በቆላ የኖረው በቅሎ ነጂ፣ እናቱ በጠና ስለታመመች ሊሰናበታት መጥቷል። በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ልጃቸው ድሮ በስለት ተወግቶ ሞቶ የተገኘባቸው አባት ከሣጥናቸው አንድ ወረቀት አውጥተው በሽማግሌዎች ፊት ዘርግተዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው በቅሎ ነጂው ነው፤ በእጁ ጩቤ ይዞ፣ በወደቀ ሰው ላይ ጎንበስ ብሎ። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ለመስማት ቀን ቆርጠዋል። እስከዚያ ድረስ ከሟች ወገን ማንም እጁን እንዳያነሣም አስምለዋል። መሐላው የሚይዘው እስከዚያች ቀን ብቻ ነው። ያ ሥዕል ምስክር ነው ከተባለ ሰውየው ከደባርቅ በሕይወት አይወጣም።

ሥዕሉን የሣለው ወንድሜ ነው። ለአባትየው የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እዚህ የምሠራው በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። የአንዱ በሽተኛ ወረቀት ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ሥራዬ ነው፤ በጥንቃቄዬም ይመሰግኑኛል። ከዚያ ስልክ በኋላ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ካርድ ባወጣሁ ቁጥር ያ ወረቀት ይታወሰኝ ጀመር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውን አትጨምሪበት» አሉኝ። እንደዚያው አደርጋለሁ።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ስሜን ተራራዎች የሚወጡ ቱሪስቶች እንደገና መምጣት ጀምረው ነበር። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ፣ በቀበሌው ንባብ ቤት መጽሐፍ የማዋስ ሥራ ይዣለሁ። ንባብ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከገደሉ አፍ ይነሣና ከተማውን አቋርጦ በራችን ላይ ይቆማል። ሰው መምጣቱን የማውቀው በጭቃው ውስጥ በሚሰማው የእግሩ ድምፅ ነበር፤ መልኩን የማየው ደፉን ከረገጠ በኋላ ነው።

በቅሎ ነጂው በጋውን የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ተራራው ላይ እስካለው የጊች ሰፈር ይወጣል፤ ክረምት ሲመጣ ሥራ ይፈታል። ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ሲያነብ ቀስ ይላል፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ጭነት ግራና ቀኙን አመዛዝኖ ነው የሚያነሣው። እሑድ ከሰዓት ሥራ ስለማይሠራ ሰው ይሰበሰባል፤ ማንበብ የማይችሉትም ይመጣሉ፤ እሱ ያነብላቸዋል። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

መጽሐፉ ወፍራም፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ ልብ ወለድ ነበር። ደራሲው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ተርጓሚውንም። ፀሐይ መውጣት ያቆመችበት አንድ አገር አለ። በዚያ አገር አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ፣ ከገደል ማዶ ላለች መንደር ብርሃን ሊያደርስ ይነሣል። ፋኖሱ በጋዝ አይነድም፤ በያዘው ሰው ዕድሜ ነው የሚነደው። ባበራ ቁጥር ከዕድሜው ይቀነሳል። የሰውየው ስም ለምላሳችን ስለከበደን «ባለ ፋኖሱ» እንለው ነበር።

ባለ ፋኖሱ ፈሪ ነው። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ለብቻው ያወራል፤ ይዋሻል፤ ከዋሸ በኋላ ይጸጸታል። ደራሲው ስለ እጁ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ተረከዙ መሰንጠቅ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ስለ ፊቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የለም። ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። ለበቅሎ ነጂው ስነግረው አላመነኝም፤ መጽሐፉን ወደ ኋላ መልሶ ሁለት እሑድ ሙሉ ፈልጎ አጣ።

ባለ ሥዕሉ መጽሐፍ የመጣው በቀጣዩ ክረምት ነው። አንድ ቱሪስት ጊች ላይ ጥሎት የሄደውን በቅሎ ነጂው ከኮርቻው ሥር አኑሮት ከርሞ አመጣልኝ። ኮሚክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ገጹ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ፣ በየሳጥኑ ሥዕል፣ ከሰው አፍ የሚወጣ ክብ ውስጥ ንግግር። ቋንቋውን ማናችንም አናነበውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ፋኖሱን አየነው። ገደሉን አየነው። የተዘጋውን በር አየነው። የኛው ሰው ነበር።

የኛውም አልነበረም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባለ ፋኖሱ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ አገጩ በጠራቢ የወጣ የሚመስል ጎረምሳ ነው። በሩን የዘጋበት ሳጥን አንድ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ሳጥን ይገነጥለዋል። ፋኖሱ እሳት ይተፋል፤ ጠላት ያቃጥላል። በዝርው ጽሑፉ ገደሉን ለመሻገር አርባ ገጽ ፈጅቶበታል፤ እኛም ሦስት እሑድ አብረነው ተሻግረናል። በባለ ሥዕሉ አንድ ገጽ ላይ አለቀ። በቅሎ ነጂው መጽሐፉን ገልብጦ ገልብጦ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ ሰው አይፈራም» አለ። «የማይፈራ ከሆነ ፋኖስ ምን ያደርግለታል?»

ወንድሜ ያን ጊዜ ከዳባት መጥቶ ቤት ነበር። ዳባት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መምህር ዘንድ ዓመታት ተቀምጦ ሲማር ቆይቷል። ክረምት ላይ ግድግዳው ስለሚረጥብና ሥዕሉ ያለበት ጨርቅ ሙጫው ስለማይደርቅ ሥራ ይቆማል፤ ያኔ ወደ ቤት ይመጣል። ኮሚኩን እጄ ላይ አይቶ ወሰደው፤ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ከበቅሎ ነጂው ጋር ክርክር ጀመሩ። ሁለቱ አብረው ያደጉ ስለሆኑ ክርክራቸው ግማሹ ስድብ ነው። ወንድሜ፣ ሠዓሊው ጥፋት የለበትም ይላል፤ ሳጥን ውስጥ ፍርሃት መጻፍ አይቻልም፣ መሣል ነው ያለበት። በቅሎ ነጂው ደግሞ እንግዲያው ለምን አልሣለውም ይላል። ወንድሜ በመጨረሻ እንዲህ አለው፦

«መጽሐፉ ልቡን ይነግርሃል። እኔ የማሳይህ ትከሻውን ብቻ ነው። ትከሻውን አይተህ ልቡን ካላወቅህ እኔ ሥዕል አልችልም ማለት ነው።»

«እንግዲያ ቻላ» አለው በቅሎ ነጂው።

ነገሩ ከዚህ ጀመረ። ወንድሜ ከገበያ ነጭ ወረቀት ገዝቶ፣ የባዕዱን ኮሚክ የሳጥን አከፋፈል ተከትሎ፣ ቃሉን ግን ከአማርኛው ዝርው እየወሰደ የራሱን ባለ ሥዕል መሥራት ያዘ። ፊት ቸገረው፤ ደራሲው አልሰጠውማ። አንድ ቀን በቅሎ ነጂው ሲያነብ ቁጭ ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «ድምፁ የአንተ ከሆነ ፊቱም የአንተ ይሁን» አለው። በቅሎ ነጂው አፍንጫው በልጅነቱ በበቅሎ እርግጫ የተሰበረ ነው። «በቅሎዋን ሣላት ይልቅ» አለ፣ «ከእኔ ትሻላለች፤ ደግሞም ለአፍንጫዬ ተጠያቂዋ እሷ ናት።» ሁላችንም ሳቅን።

እዚህ ላይ በአገራችን የምናውቀውን አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ አሁን ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ሰይጣንና ሰቃዮች፣ ከዳተኛውም ጭምር በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የወንድሜ መምህር ምክንያቱን ሲነግሩት፣ ሊጸልይ የቆመ ሰው ላይ የክፉ ሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው ብለውታል። ይህን ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ያውቀዋል። ከደጀ ሰላም ገብቶ ቀና ሲል ማን ምን እንደሆነ የሚለየው በዓይን ቁጥር ነው።

ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሲሠራ እጁ የለመደውን አደረገ። ባለ ፋኖሱን በፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሣለው። እሑድ ሲያሳየን ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው በየሳጥኑ ቆሞ ያፈጥጥብናል እንጂ አይሄድም። ጡረታ የወጣ አንድ ወታደር፣ «ምነው፣ ያልከፈልነው ስለት አለብን እንዴ?» አለ። ወንድሜ አልተቆጣም። ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ ባለ ፋኖሱን ወደ ጎን አዙሮታል። የተሰበረው አፍንጫ ወጣ፤ ትከሻው ጎበጠ፤ እግሩ ተነሣ። ሰውየው ሄደ።

እኔ ልቤ አልወደደውም። ለብቻው ሳገኘው ነገርኩት።

«እታለም» አለኝ፣ «ቅዱስ ወደ አንቺ ነው የሚያይ፤ አንቺ ጋ ነው ሥራው። ይሄ ሰው ደግሞ ወደሚቀጥለው ሳጥን ነው የሚያይ። ደግሞ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ወረቀት ነው።»

መልሱ እውነት ነበረው። ዛሬም እውነት አለው። እኛ እዚያ ቤት የተቀመጥነው ደግሞ ሰውየውን በዝርው አውቀነው ስለነበር አንድ ዓይን ተሥሎ ሁለቱንም እናይ ነበር። ያልሰማ ሰው ሲያየው ምን እንደሚያይ አላሰብንም።

አሁን ወደ ገጿ ልምጣ። በመጽሐፉ መሐል፣ ባለ ፋኖሱ በመንገድ ተጣልቶት የተለየው አንድ ጓደኛ አለው። ያን ሰው ሽፍቶች ወግተው ጥለውት ያገኘዋል። ጩቤው ገና ከጎኑ አልወጣም። ባለ ፋኖሱ ፋኖሱን ከኋላው ያኖርና ጩቤውን ይነቅላል፤ ቁስሉን በመቀነቱ ሊያስር ይታገላል። ደራሲው እዚህ ላይ ሦስት ገጽ ቆሟል። ባለ ፋኖሱ ከዕድሜዬ ወስደህ ለእሱ ስጠው ብሎ ይለምናል፤ ወዲያው ደግሞ ልመናው እንዳይሰማለት ይፈራል፤ በፈራው ነገር ያፍራል። ሰውየው እጁ ላይ ይሞታል። በቅሎ ነጂው ይህን ያነበበ ዕለት ሁለት ጊዜ ድምፁ ተቋርጦበታል።

በባዕዱ ኮሚክ ያ ሁሉ አንድ ሳጥን ነው፤ ጩቤው እጁ ላይ፣ ጥርሱ ተነክሶ፣ በሚቀጥለው ሳጥን ለበቀል ይሮጣል። ወንድሜ ለዚህ ሙሉ ገጽ ሰጠው። ቃል ግን አልጨመረበትም። ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍበት በቅሎ ነጂው ለመነው፤ እምቢ አለ፤ ትከሻው ይበቃል አለ። ፋኖሱም ከሰውየው ጀርባ ስለሆነ አይታይም፤ ብርሃኑ ብቻ በጫፍ በጫፉ ይታያል። እናም ገጿ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ አፍንጫው የተሰበረ አንድ ሰው፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ደም ያለበት ጩቤ ይዞ፣ በሬሳ ላይ ጎንበስ ብሎ።

ያቺን ገጽ ያሳየን የሐምሌ የመጨረሻዋ እሑድ ነው፤ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት። ይህን አጥብቄ የምጽፈው እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው። የጾሙ መያዣ እየደረሰ ስለነበር ፍልሰታን የት እንደሚያስቀድሱ ሴቶቹ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። በስተመጨረሻ ፈትል ይዘው የሚመጡ አንዲት አሮጊት ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ «ምነው ልጄ፣ አንዱን ዓይኑን የት አኖርክበት?» አሉ። ወንድሜ ሳቀ። በቅሎ ነጂውም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቱን ሲመልሱ በጣታቸው ጫፍ ነበር የያዙት።

ከዚያ ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ ካልሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወንድሜ ገጾቹን ሁሉ በክር ጠርዞ፣ ለአንባቢ እንዳውሰው ንባብ ቤት አስቀመጠልኝ። ፍልሰታ ገባ። ሕፃናት እየቆረቡ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ዝናብ ለመሸሽ እኔ ጋ እየገቡ፣ ያንን ሥዕል ይገልጡታል። ከበደኝ። በጾም፣ በእመቤታችን ሱባዔ፣ ደም ያለበት ጩቤ። አንድ ቀን ክሩን በጥንቃቄ ፈትቼ ያቺን ገጽ ብቻ አወጣሁና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት፤ የቀሩትን መልሼ ጠረዝኳቸው። ጾሙ ሲፈታ ልመልሳት ነበር። ረሳሁት ማለት እችላለሁ፤ ግን አልረሳሁም። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አያታለሁ፤ ልመልሳት እጄ አይታዘዝም። በደግ ነገር አስቤ ከፊቷ የነበረውን ገጽና ከኋላዋ የሚመጣውን ገጽ ለየሁባት።

መስከረም ጠባ። የመስቀል ሰሞን፣ ከከተማው ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ሥር፣ አንድ ወጣት ገበሬ በስለት ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። እሱም በበጋ በቅሎ ያከራይ ነበር። ከእኛው በቅሎ ነጂ ጋር ባለፈው ዓመት በጭነት ተራ ተጣልተው ሰው ፊት ተሰዳድበዋል። ፖሊስ በቅሎ ነጂውንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ይዞ መርምሮ፣ ማስረጃ ስላጣ ለቀቃቸው። ማን እንደገደለው ያኔም አልታወቀም፤ ዛሬም እኔ አላውቅም።

ወሬ ግን ሥራውን ጀመረ። ሥዕሉን ያዩ ሰዎች ላላዩ ነገሩ። መጀመሪያ፣ ባለ ፋኖሱ ከጓደኛው ጎን ጩቤ ሲነቅል የሚያሳይ ሥዕል ነበር ተባለ። ከዚያ ባለ ፋኖሱ ቀረና በቅሎ ነጂው ሬሳ ላይ ቆሞ የሚያሳይ ሥዕል አለ ተባለ። ከዚያ ገበያ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ያየውን በአፉ መናገር ፈርቶ በአንድ ዓይን ሣለው ተባለ። እኔ ጋ ሲደርስ ይህን መስሎ ነው የደረሰ።

የሟች አባት የመጡት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ጠዋት ነበር፤ ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ አንድ ሥዕል አለ ይላሉ» አሉኝ።

«አለ አባባ። ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው።»

«እስቲ ልየው።»

መሳቢያውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ዞረው ብዙ ቆዩ። ማንበብ አይችሉም፤ የሚነበብም አልነበረበትም። ጣታቸውን የተሣለው ሰው ፊት ላይ አሳረፉ፤ ሌላው ዓይን ሊሆንበት የሚገባው ቦታ ላይ።

«ማን ነው የሣለው?»

«ወንድሜ ነው አባባ።»

«ቤተ ክርስቲያን የሚሥለው?»

«አዎ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁም። እኔም አልጨመርኩም። ከፍልሰታ በፊት የተሣለ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። መጽሐፉ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ሦስቱን ገጽ ላነብላቸው እችል ነበር፤ አላነበብኩም። ልጅ የቀበረ አባት ፊት ልብ ወለድ ገልጬ ማንበብ ነውር መሰለኝ። «ልውሰደው?» ሲሉኝ «ይውሰዱት» አልኩ። ስለ ኀዘናቸው ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን ያ ወረቀት ከመሳቢያዬ እንዲወጣልኝ ፈልጌ ነበር። ወስደውት ሲሄዱ ቀለለኝ።

ወንድሜ ሲሰማ እኔን አልተናገረኝም። በዚያው ቀን ሁለት ቄሶች ይዞ ወደ ሰውየው ቤት ሄደ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው፤ በወንጌል ልማል አለ። አባትየው አዳምጠውት ሲያበቁ የመለሱለትን ከቄሶቹ አንዱ ነግረውኛል።

«እጅህ አስቀድሞ መስክሯል ልጄ። አሁን የምትናገረው ለጓደኛህ ፈርተህ ነው።»

በዚያው ሳምንት በቅሎ ነጂው አንዲት በቅሎውን ይዞ በዛሪማ በኩል ወደ ቆላ ወረደ። ሊሰናበተኝ አልመጣም፤ በእኔ በር ማለፍ እንኳ አደገኛ ነበር። ወንድሜ ወደ ዳባት ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ጻድቃኑን ሣለ፤ ክፉዎቹን ግን መምህሩ ወይም ሌላ ተማሪ እንዲሥልለት ይለምን እንደነበር ሰምቻለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በጉበት በሽታ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ፋሲካ ስለዚያ ገጽ አንድ ጊዜ አንሥቶብኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብጽፍበት ምን ነበረበት አለኝ። እኔም ያቺን ገጽ መሳቢያ ውስጥ ያስገባኋት እኔ መሆኔን ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ንባብ ቤቱ በኋላ መጋዘን ሆነ፤ መጻሕፍቱ ተበተኑ። እኔም በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደዚህ መጣሁ።

በእነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ሲያስፈራኝ ኖሯል። ሥዕሉ ቀድሞ ሞቱ ተከተለ። በሱባዔ መግቢያ የተሣለ ሬሳ፣ በመስቀል ሰሞን የተገኘ ሬሳ። ሥዕሉ ጠርቶት ይሆን? የንስሐ አባቴ ይህን ስጠይቃቸው ከእንዲህ ያለ ሐሳብ ራቂ ብለው ገሠጹኝ። ራቅሁ። ያ ፍርሃት ሲርቅ ግን ያላየሁት ነገር ታየኝ፦ የምፈራው ቅደም ተከተል እሱ ራሱ የሰውየው መዳኛ ነው። ሥዕሉ ከሞቱ በፊት ከነበረ ስለ ሞቱ ሊመሰክር አይችልም። ዝርው ጽሑፍ «ከዚያ በፊት» ይላል፣ «በማግስቱ» ይላል፣ «ገና» ይላል። በተጠረዘ ኮሚክም ቢሆን ከፊት ያለው ሳጥንና ከኋላ ያለው ሳጥን ይህንኑ ይነግሩናል። ለብቻዋ የወጣች ገጽ ግን ትናንት የላትም። ያየ ሁሉ የራሱን ትናንት ይሰጣታል። እኒያ አባትም የሰጧት የልጃቸውን ነው።

እንደ ተባልኩት ያላየሁትን አልጨምርም። በቅሎ ነጂው አልገደለም ብዬ መማል አልችልም፤ በዚያ ቀን የት እንደነበረ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ወረቀቷ ስለዚያ ግድያ ምንም አታውቅም።

አሁን ጾሙ ተጋምሷል። ከትንሣኤ ማግስት በአውቶቡስ ተነሥቼ ደባርቅ እመጣለሁ፤ በሽማግሌዎቹ ፊትም ቆሜ መሳቢያውን፣ ክሩንና «ይውሰዱት» ያልኩትን እናገራለሁ። ነገር ግን እኔ የሠዓሊው እህት ነኝ። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ነኝ። የኔ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ የአክስቴ ልጅ ሽማግሌዎቹን ጠይቃ ነግራኛለች። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አባዝቼ አስቀድሜ በእሷ እጅ እልካለሁ፤ ለሚያነብ ሰው ሁሉ እንድትሰጥልኝ።

የሐምሌ የመጨረሻዋ እሑድ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበራችሁ፣ እባካችሁ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው ነበራችሁ። ከኮሶዬ የመጣኸው አስተማሪ፣ በሩ ጋ ቆመህ ጫማህን ስታራግፍ አስታውስሃለሁ። ገበያ ላይ ልብስ ትሰፊ የነበርሽው እህቴ፣ ወረቀቱን ተቀብለሽ ለጎረቤትሽ አሳልፈሻል። ጡረተኛው ወታደር፣ በሕይወት ካሉ እርስዎም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባችሁ ያቺን ገጽ ከፍልሰታ በፊት አይተናታል በሉ። ገደለ አትበሉ፤ አልገደለም አትበሉ፤ ይህ የእናንተም የእኔም አይደለም። አየናት፣ ከጾሙ በፊት ነበር፣ ልጁ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ይህን ብቻ። ከእናንተ መካከል ሽፋን የሌለውን ያንን መጽሐፍ የያዘ ካለ ደግሞ ይዞት ይምጣ፤ ሦስቱን ገጽ ለእኒያ አባት ቀስ ብሎ ያንብብላቸው። ድሮ እኔ ላነብላቸው ይገባ ነበር።